የሸረሪት አስታማሚ

ሰው አደራ ከመቀበሉ በፊት ስንት እግር እንዳለው ቢጠይቅ ጥሩ ነው። እኔ አልጠየቅሁም። ጎረቤቴ ሰይድ «አንድ ነገር አደራ ላስቀምጥብህ ነው» ሲለኝ ቁልፍ መስሎኝ፣ ቢበዛ ቴሌቪዥን መስሎኝ፣ «ምን ችግር አለው» አልኩት። ይህች «ምን ችግር አለው» የምትባል ነገር ያላስገባችኝ ጉድ የለም። ለማላውቀው ሰው ሚዜ ያደረገችኝ እሷ ናት። ዋና ሳልችል በታንኳ ሐይቁ መሀል ያስገባችኝም እሷው ናት። ይኸው አሁን ደግሞ ስምንት እግር ይዛልኝ መጣች።

ሰይድ እኔ አማርኛ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ እትዬ ከድጃ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተከራይተን እንኖራለን። የሐሞት ጠጠር ይዞት ደሴ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው። ልብሱን ሸክፎ ሲጨርስ ክፍሌ ገባና በነጠላ የተሸፈነ የመስታወት ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ነጠላውን ገለጥ አደረገው። መጀመሪያ ያየሁት አፈርና አንድ የገል ስባሪ ነው። ከገሉ ሥር አንድ ጥቁር ጸጉራም እግር ወጣ። ከዚያ ሌላ። ቆጥሬ ሳልጨርስ መዳፍ የምታህል ሸረሪት ወጥታ ትመለከተኝ ጀመር።

«እሜቴ ትባላለች» አለኝ፣ እህቱን የሚያስተዋውቅ በሚመስል ድምፅ። «አምባሰል ሥር ድንጋይ ስገለብጥ ነው ያገኘኋት።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከአምባሰል የሚመጣ ነገር ዜማ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ምንድን ነው የምትበላው?» አልኩት፣ ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል። ጥያቄዬ በውስጡ «ሰው ትበላለች ወይ» የሚል ነበረበት። ሰይድ ግን ይህንን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ከኪሱ የደብተር ወረቀት አወጣና ያነብልኝ ጀመር። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የተያዘ ነፍሳት በፍጹም አይሰጣትም፤ ነፍሳቱ የበላው መርዝ ወደ እሷ ይተላለፋል። ጉንዳን አይሆንም፣ ይነክሳታል። ጸጉራም ትልና ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ጢንዚዛም አይሆንም፣ በራሱ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ከሆዷ የሚተልቅ አይሰጣትም። ሳትበላው ያደረ ነገር ካለ ተለቅሞ ይወጣል።

«በአጭሩ» አለኝ ወረቀቱን እያጠፈ፣ «ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ነገር አትስጣት።»

ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ሰምቻለሁ። ለፌንጣ ዘር ማንዘር ሲቆጠር ግን ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ደግነቱ ሰይድ የተዘጋጀ ሰው ነው። ፉርሽካ በሞላ ባልዲ ውስጥ እሱ ራሱ ያረባቸውን ቢጫ ትሎች ሰጠኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ትል፣ በቃ። ከዚያ እጄን ጨበጠኝና «አደራህን። እሷ ከበላች እኔም ደህና ነኝ» አለኝ። ለቀልድ ያላት ናት። ነገር ግን ኦፕራሲዮን የሚሄድ ሰው የሚቀልደው ቀልድ እንደ ሌላው ቀልድ አይረሳም። እሱ በሚኒባስ ሄደ፤ ቃሉ ከእሜቴ ጋር እኔ ክፍል ቀረ።

ከዚያ በኋላ ክፍሌ የእኔ አልሆነም። ለሳጥኑ ጀርባዬን ሰጥቼ የተማሪ ደብተር ሳርም ማጅራቴን ውርር ያደርገኛል። ዘወር ስል እሜቴ አለች፤ ግን ቦታ ቀይራለች። ስትንቀሳቀስ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ የማያት ደርሳ ነው። ከቀትር በኋላ የሐይቁ ነፋስ ጸጥ ሲል አንድ ነገር መስታወቱን ኮሽ፣ ኮሽ ሲያደርግ ይሰማኛል። ትንፋሼን ስይዝ ያቆማል። ስተነፍስ ይጀምራል። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ «ምን ፈለግሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ኮሽታው ወዲያው ቆመ። እኔ እኮ ባትሰማኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የትሎቹ ባልዲ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ደጃፌ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት።

«አብሽር ልጄ!» አሉኝ አከራያችን እትዬ ከድጃ ከግቢው ወዲያ ማዶ። «ፉርሽካህ ተልቶብህ ነበር። ለዶሮዎቼ በተንኩት። ወላሂ አበላላቸውን ብታይ! ባልዲህንም በበረኪና አጥቤልሃለሁ።»

ምን ይባላል? ደግነት ነው። «አላህ ይስጥልኝ» አልኩ። ዶሮዎቹ ግቢው መሀል ጠግበው፣ ዓይናቸውን ከደን አድርገው ቆመዋል።

ኋላ ግን አላስችል ብሎኝ አከራያችንን ክፍሌ አስገብቼ፣ ትሎቹ የማን ምግብ እንደነበሩ ነግሬ ነጠላውን ገለጥኩላቸው። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ እትዬ ከድጃ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ሱብሃነላህ! ይቺማ የነቢያችን ባለውለታ ዘር አይደለች? ዋሻው አፍ ላይ ድር አድርታ የሸሸገቻቸው! በእኔ ቤት፣ በእኔ ጥፋት በረሃብ ልትሞት? ያ ረቢ!»

«ለሰይድ ደውዬ ልንገረው እንዴ?»

«እንዴት ተደርጎ! ለበሽተኛ መርዶ ይነገራል?»

እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። ሰይድ በየቀኑ እየደወለ «እሜቴ በላች?» ይለኛል። እኔም «እየበላች ነው፤ እንዲያውም ወፈር ብላለች» እለዋለሁ። ውሸት አንዴ ከወፈረች ማክሳት አይቻልም፤ ምን ላድርግ ብሎ ምክር መጠየቂያውን በገዛ አፌ ዘጋሁት።

ስለዚህ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ዓሣ የሚበለትበት የሐይቁ ዳር ነው፤ ዝንብ እንደ ጉድ ነው። የማሰሮ ክዳን የሚያህል ወንፊት ይዤ ከወዲያ ወዲህ ስዘል ዓሣ አጥማጁ ሥራውን ትቶ ሲያየኝ ቆየና «መምህር፣ ለደህና ነው?» አለኝ። «ለሸረሪት ነው» አልኩት። ከዚህ መልስ በኋላ ሰው በርኅራኄ ያናግርሃል። «ውሰዳቸው እንጂ፤ ግን ዛሬ ጠዋት መድኃኒት ነፍተንባቸዋል» አለኝ። ከዚያ ጫት ማሳ ዳር ፌንጣ አገኘሁ። ባለማሳው «ሳይረጭ የሚያድግ ጫት አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቲማቲሙም ተረጭቷል። ጎመኑም ተረጭቷል። ቀድሞ ለምለም ማሳ ሳይ ደስ ይለኝ የነበረው ሰውዬ፣ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ነገር ባየሁ ቁጥር እጄን ወደ ኪሴ መክተት ጀመርኩ።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ምስጢር የሚቆየው ከቁርስ እስከ ምሳ ነው። ሰይድ ሰው ወዳድ ነው፤ ሰውም ይወደዋል። በሽተኛ ደግሞ ሳይጠየቅ አይቀርም። ደሴ ድረስ መሄድ ያልቻለው ሁሉ ወደ እኔ ክፍል ይመጣ ጀመር። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ይሉኛል። «እንዳለች ናት» እላለሁ። «አላህ ያሽራት።» «እግዚአብሔር ይማራት።» ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን ሳጥኑን እናያለን፤ ሳጥኑም እኛን።

ባዶ እጁን የሚመጣ ደግሞ የለም። አንዱ በክብሪት ሳጥን የእሳት እራት፣ ሌላው በለስላሳ ጠርሙስ ጢንዚዛ፣ አንዲት ጎረቤታችን በመሐረብ ቋጥራ በረሮ። እኔ ኬላ ጠባቂ ሆንኩ። ከየት ተያዘ? መቼ ተያዘ? ቤቱ የተባይ መድኃኒት ተነፍቶበታል?

«የእኔ ቤት በረሮ ምን ጎደለውና ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ከበደኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ በኋላ እሰጣታለሁ» እያልኩ እየተቀበልኩ አልጋዬ ሥር አስቀምጣለሁ። አልጋዬ ሥር በየሳጥኑ፣ በየጠርሙሱ መቧጨር ተጀመረ። አንዱ ኮሽ ሲል ሌላው ይመልሳል። በማግስቱ ሁሉም ጸጥ አሉ። ስከፍታቸው ስድስቱም እግራቸውን ሰብስበው ተገልብጠዋል። እንግዲህ የመጡበትን ቤትና ማሳ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቁጭ ብዬ አየኋቸውና፣ እነዚያ ቤቶች ውስጥ ስንት ጊዜ ምሳ እንደበላሁ አሰብኩ።

እሜቴ ደግሞ የፊት እግሮቿን መስታወቱ ላይ ዘርግታ መቆም አመጣች። ሰዓታት እንዲህ ትቆያለች። «ዱዓ እያደረገችለት ነው» አሉ እትዬ ከድጃ። «ትማልዳለች» አሉ ሌላኛዋ ጎረቤት፣ አማትበው። ጠያቂው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። እኔ ግን ረሃብ መሆኑን አውቃለሁ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ማክሰኞ ነበር። እሜቴ ምግብ ካየች አስረኛ ቀኗ ነው። ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየጎተቱ ግቢው ውስጥ ገቡ። የሰይድ አባት ናቸው፤ አባባ ይማም። መኪና ስለማይስማማቸው ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ካለው ቀበሌያቸው በእግራቸው ነው የመጡት። ደሴ ደግሞ ለእግር ሩቅ ነው፤ ቢደረስም ከልጃቸው ኦፕራሲዮን በፊት አይደረስም። ሴቷ ልጃቸው፣ የሰይድ እህት፣ እዚያ አለች፤ ስልኳ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልነሳ ብሏል።

አባባ ይማም ወንበር እምቢ ብለው ሳጥኑ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከጋቢያቸው ውስጥ ክዳኑ የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ አወጡ። ውስጡ ሰባት ፌንጣ አለ።

«እንግዲህ እኔ ቢላ አልይዝ፣ መርፌ አልወጋ» አሉኝ። «ልጄ 'እሷ ከበላች ደህና ነኝ' ብሎኛል በስልክ። የምችለው ይቺን ነው።»

«ከየት ያዟቸው አባባ?» አልኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ፊታቸው በራ። «ከገዛ ቃሪያ መደባችን ነዋ! ከትናንት ወዲያ መድኃኒት ረጭቼ ነበር። ሌላው ሁሉ ረገፈ። እነዚህ ሰባቱ ብቻ አልወደቁም። ጀግኖች ናቸው። ለልጄ ሸረሪት ደካማ አመጣለሁ እንዴ?»

ፕላስቲኩን ተቀብዬ አየሁት። እውነት ነው፣ ቆመዋል። ግን ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ። አንዱ በክብ ይዞራል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ግድግዳውን በግንባሩ ይመታና እንደገና ይዞራል። ሌላው አፉን ያለማቋረጥ ያመነዥካል፤ አፉ ውስጥ ግን ምንም የለም።

«በኋላ እሰጣታለሁ አባባ።»

«አሁን ነው እንጂ ልጄ። ሰይድ ቢላ ሥር ያለው አሁን አይደል?» ክዳኑን ፈቱና አንዱን ፌንጣ መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ «እምቢ በላቸዋ!» ይለኛል። ይበለኝ። አርዲቦን ዞረው በእግራቸው የመጡ፣ ልጃቸው ሐኪም እጅ ያለ ሽማግሌ ዓይን ዓይንህን እያዩህ ግን ምላስ አይታዘዝም። ይሉኝታ የገደለውን ሰው ማን ቆጥሮት! የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩና ፌንጣውን ጣልኩት።

ፌንጣው አፈሩ ላይ ወድቆ በክብ መዞር ጀመረ። እሜቴ እግሮቿን ከመስታወቱ አወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ አየኋት። አንድ እግር፣ ቆም። አንድ እግር፣ ቆም። ምንም ድምፅ የላትም። አባባ ይማም «ቢስሚላህ» አሉ በሹክሹክታ፤ ጢማቸው መስታወቱን ነካው። ላውጣው ብል፣ በሽማግሌው ዓይን የልጃቸውን ጤና ከአፏ ነጠቅሁ ማለት ነው። ብተወው ደግሞ ዓይናቸው እያየ እግሯን ሰብስባ ትገለበጣለች፤ ያን ጊዜ እኚህ ሰው ደሴ የሚሆነውን በምን ልብ ይጠብቁታል? ሰይድስ ተመልሶ አደራዬን ሲለኝ? እሜቴ ፌንጣው ጋ ደርሳ የፊት እግሮቿን አነሳች።

«አይሆንም!» ብዬ እጄን ከተትኩ።

ፌንጣውን አፈስኩት። እጄን ከማውጣቴ በፊት ግን አንድ ጸጉራም ነገር አይበሉባዬ ላይ አረፈ። ከዚያ ሌላ። ስምንቱንም አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፣ በቆዳዬ። ክብደት ያላት መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ። አንጓዬ ላይ ወጥታ ቆመች። እንጃ ምን ያህል እንደቆየን። መጨረሻ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ወርዳ ገሏ ሥር ገባች። ፌንጣውን ፕላስቲኩ ውስጥ መለስኩት።

«ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ አባባ ይማም።

«መርዝ አለበት አባባ። የረጩት መድኃኒት በሆዱ ውስጥ ነው ያለው። ብትበላው ትሞትብን ነበር።»

«እየሄደ እኮ ነው።»

«ቢሄድም።»

ፕላስቲኩን አንስተው ወደ ብርሃኑ አድርገው ሰባቱን አንድ በአንድ አዩዋቸው። «ረጭቼ በሦስተኛው ቀን ነው የምለቅመው» አሉ። «ለሰይድም ከዚያው መደብ ቃሪያ ስልክለት ነው የኖርኩት።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «በል ንገረኝ። ያሳመምኩት እኔ ነኝ?»

«ኧረ አይደለም! የእሱ ጠጠር ነው አባባ። ከቃሪያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።»

«ወላሂ በለኝ።»

ክርስቲያን ነኝ፤ ወላሂ አልኩ።

ስልኩ ያን ጊዜ ጮኸ። የሰይድ እህት ናት፤ እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ ልባችን ቆመ። ለካ የደስታ ነው። ወጥቷል፣ ነቅቷል፣ ጠጠሮቹን በብልቃጥ አድርገው ሰጥተውታል። አባባ ይማም ግንባራቸውን መሬት ላይ አድርገው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እትዬ ከድጃም ከግቢ ሮጠው መጥተው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አለቀሱ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። የደከመ፣ የራቀ ድምፅ «እሜቴ በላች?» አለ።

እኔ «አዎ» ልል ስል አባባ ይማም ስልኩን ወሰዱት።

«አልበላችም ልጄ። ትልህን ዶሮ በልቶታል። እኔ ደግሞ መርዝ አመጣሁላት፤ መምህሩ እጁን ሰዶ አወጣው።»

ሰይድ ሊስቅ ፈለገ መሰለኝ፣ ስፌቱ ያዘው። «ምን አስጨነቃችሁ? እሷ እኮ ወር ሙሉ ባትበላም ምንም አትሆን። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፌው ነበር።»

ወረቀቱ ጀርባ እንዳለው አላሰብኩም ነበር።

አባባ ይማም ግን አልሳቁም። «የምልክልህን ቃሪያስ ልጄ? ትበላዋለህ?»

«አንድም አላስቀር አባባ። እንደሱ የሚጥም የለም።»

ስልኩ ሲዘጋ ሽማግሌው ፕላስቲኩን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። ሊደፉት ነበር። የእትዬ ከድጃ ዶሮዎች እየሮጡ መጥተው እግራቸውን ከበቡ። ክዳኑን መልሰው ጠመዘዙትና ቆመው ቀሩ። ቀስ ብዬ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ለእሷ እንደጠየቅህላት» አሉኝ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ለእኔ ልጅ ከየት ነው ብሎ የጠየቀለት ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁለት።»

በኋላ ከአጥሩ ጥግ ጉድጓድ ቆፍረን ከነፕላስቲኩ ቀበርነው፤ በላዩም ዶሮ እንዳይጭረው ድንጋይ ጫንንበት።

እትዬ ከድጃ ለምሥራቹ ብለው ምሳ አቀረቡ። አንድ ትሪ ነው፣ ለሦስታችን። መሀሉ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የሞላበት ሰላጣ፤ ታጥቦ ያበራል። አባባ ይማም «ጠግቤያለሁ» ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። እትዬ ከድጃ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው፣ ቃሪያው በሁለት በኩል ወጥቶ እየታየ፣ ወደ አፌ ዘረጉልኝ። «ከየት ነው የገዙት?» ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ፈገግ ብለው ያዩኛል። ይሉኝታ ያዘኝና ጎረስኩት።